ከባዱ ፍሪሲዮን

የካቲት 3፣ ሰኞ

የመኪናዋ ፍሪሲዮን ዛሬ ከዳኝ። ከመጋዘን ወደ ቤት ስመለስ የድልድዩን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይዤ ነዳጅ ስሰጣት ቱርቦው ነፋ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን እዚያው ናት። የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ይሮጣል፣ ፍጥነቱ እንደ ተቸከለ ነው። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ለቀቀብኝ። ከዚያ ሽታው መጣ። የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ያድራል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ፍሪሲዮኑን እንደ ጨረሰችው ነገርኳት። "እኔ?" አለች። ግራ እግሯን የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ አሳርፋ የምትነዳው ማን ናት ታዲያ? ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። መልስ አልሰጠችኝም። ዝም ያለ ሰው ጥፋቱን ያውቃል።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ምላጭ ዛሬ አላስቀመጠኝም። ምላጭ የምንለው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳውን ነው፤ ስሙ የወጣለት ከምላሱ ነው። ጫኞቹ ሁሉ እየሰሙ "መኪናዋ ታመመች አሉ። ባለቤቷስ ምን አለች?" አለኝ። እኔን "ባለቤቷስ" ብሎ ይጠይቀኛል። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። የመጋዘን ኃላፊ ከጫኞች ጋር አይጣላም።

ነገሩ ያለፈው ወር ጣጣ ነው። ከከተማ ውጭ ባለው አሮጌ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ መኪና ወዳዶች ተሰብስበን፣ ተራ በተራ ቀጥታ እየነዳን ሰዓት አስያዝን። እኔ ነዳሁ። ቀጥላ ባለቤቴ በዚያችው መኪና ነዳች። በአንድ ሰከንድ ከሁለት አሥረኛ በለጠችኝ። ይኸው ነው። ጎማው በእኔ ዙር ሞቆ ጠበቃት፤ የሞቀ ጎማ አስፋልት እንደሚነክስ ማንም ያውቃል። ምላጭ ግን እዚያ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በሬዲዮ እንደሚነገር ዜና በየሰዓቱ ይደግመዋል።

ይህን እዚህ የምጽፈው ስለ ከነከነኝ አይደለም። ለማስታወስ ያህል ነው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ጋራዥ ዋልኩ። መካኒኩን ሰው ሁሉ ሊቁ ይለዋል፤ ብረት ሳያገላብጥ ቃል አይተነፍስምና። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርዶ ሸራውን አወጣ። ሸራው አልቆ ብረቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቮላኖውን፣ ማለትም ሞተሩ ላይ የታሰረውንና ሸራው የሚለጠፍበትን ከባድ ክብ ብረት፣ በጨርቅ ጠረገና ወደ ብርሃን አዞረው። ሰማያዊ ሰማያዊ ነጠብጣብ ነበረበት፣ እንደ በለዘ ቆዳ።

"ይኼ ሙቀት ነው። ቆሞ፣ ሞተሩን አስጩኾ፣ ፔዳሉን ባንዴ የሚለቅ ሰው ሥራ ነው" አለኝ።

ባለቤቴ እግሯን ፔዳሉ ላይ የማሳረፍ አመል እንዳላት አስረዳሁት። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሽከረከረውን ኩሽኔታ አንስቶ ጆሮዬ አጠገብ አሽከረከረው። ድምፅ የለውም። እግር የሚያሳርፍ ሰው መጀመሪያ የሚጨርሰው ኩሽኔታውን ነው፣ ይኼ ግን እንደ አዲስ ነው አለ። ቀጥሎም የቱርቦውን ግፊት ማን እንደጨመረው ጠየቀኝ።

የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከመንደርደሪያው በኋላ በነበረው ሳምንት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ስለማይገባት። ቆሞ መልቀቁም ቢሆን ሲሚንቶ ፋብሪካው አጠገብ ባለው የትራፊክ መብራት ላይ አንድ ሁለቴ ነው፣ ምናልባት አምስቴ። ያን የሚያህል ፍሪሲዮን በአምስት ጊዜ አይሞትም። ቀድሞ የደከመ ነበር ማለት ነው። ማን እንዳደከመው ደግሞ ግልጽ ነው።

የካቲት 10፣ ሰኞ

ሦስት ምርጫ አለ። ሊቁ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብሎን አሰልፎ እንደ ተማሪ አስረዳኝ።

አንደኛው የፋብሪካውን ዓይነት ሸራ ከጠንካራ ሞላ ጋር ነው። ለስላሳ ነው፣ ግን አሁን ላለው ጉልበት እኩያ አይሆንም፤ ስድስት ወር ቆይቶ ተመልሼ እመጣለሁ። ሁለተኛው ሴራሚክ ነው። ሙሉ ሸራ ሳይሆን ስድስት ቁራጭ፣ ከላዩ ላይ በጣም ከባድ የመጫኛ ሰሃን። ምንም ብትሰጠው ይይዛል። መሃል የለውም፤ ወይ ለቋል ወይ ነክሷል። ፔዳሉም የድንጋይ ያህል ነው። ሦስተኛው ሁለት ሸራ ተደራርቦ የሚሠራው ነው። የሚፋተገው ፊት እጥፍ ስለሆነ ያን ያህል መጫን አያስፈልገውም፤ ሁሉን ይይዛል፣ ፔዳሉ ግን ቀላል ነው። ከቮላኖው ጋር አብሮ ስለሚለወጥ በትእዛዝ አምስት ሳምንት ይፈጃል፤ ፔዳሉ ሲረገጥም ትንሽ ይንቀጫቀጫል።

"እኔ ብሆን ሦስተኛውን ነው" አለኝ። ከዚያ ብሎኖቹን እየሰበሰበ "ማን ነው የሚነዳት?" ሲል ጠየቀኝ።

"እኔ ብቻ" አልኩት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ግን ምን ስህተት አለው? ዋናው ነጂ እኔ ነኝ። ሰውዬው ዝርዝር አልጠየቀም፣ እኔም ዝርዝር አልሰጠሁም። አምስት ሳምንት ያለ መኪና መቆየት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ሴራሚኩን መረጥኩ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ባለቤቴ የትኛውን እንዳዘዝኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"ይከብዳል?"

"ትንሽ።"

ግራ ጉልበቷን አሻሸች፣ አውቃም አይመስለኝም። አዋላጅ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ምጥ የያዛትን ሴት ደግፋ ስታወርድ ተንሸራታ ጅማቷ ተበጠሰ፤ ተሰፍታለች። ሴትየዋን አልጣለቻትም፤ ራሷ ነች ከሥር የወደቀችው። ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየሄድንበት ይነሣል። ማንም ሰው የእኔን ታሪክ አንሥቶ አያውቅም፤ ለነገሩ የሚነሣም የለኝ።

ጉልበቷ ድኗል። ሐኪሙ ራሱ ድኗል ብሏል። ባይድን ኖሮ መንደርደሪያው ላይ እንደዚያ ትነዳ ነበር?

የካቲት 17፣ ሰኞ

ተገጠመ።

የድልድዩን ዳገት በሦስተኛ ወጣሁት። ቱርቦው ሲነፋ እንደ ድሮው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ወንበሩ ከኋላ መታኝ። አንዲት ሳትሸራተት። ለብቻዬ ጮኼ ሳቅሁ፣ እውነቴን ነው።

ከተማ ውስጥ ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ መብራት ላይ ፔዳሉን ረግጦ መጠበቅ ግድግዳ እንደ መግፋት ነው። አምስተኛው መብራት ላይ ጭኔ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስለቀው መኪናዋ ዘልላ ተነሣች፤ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ነበርና አንገቷ ወደ ኋላ ተመታ። "አባዬ፣ ምን ሆና ነው?" አለችኝ። እስኪላመድ ነው አልኳት። ሊቁም ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር በቀስታ ንዳት ብሏል። ይለሰልሳል።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ዛሬ ባለቤቴ ሞከረችው። ከግቢው በር ሳትወጣ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፋባት። አራተኛው ላይ መኪናዋ ዘልላ የአጥሩ ግንብ ጋ ልትደርስ አንድ ስንዝር ሲቀራት ፍሬን ያዘች። ወረደች። ቁልፉን አፍንጫዬ ሥር አልወረወረችውም፣ አልተቆጣችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሄደች።

ፊቴ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም። ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ባለቤቴ አሁን አንድ ሰዓት ቀድማ ትነሣለች። በአውቶቡስ ሁለት ቅያሪ ነው። የሥራ ቦርሳዋ ከባድ ስለሆነ በጀርባ የሚታዘል ገዛች። አታማርርም። አለማማረሯ ነው እሚያናድደኝ። አንድ ቃል ብትናገር እኮ እመልስላት ነበር፤ የምመልሰውን አሰናድቼዋለሁ። "ፍሪሲዮን የሚመረጠው ለሞተሩ እንጂ ለነጂው አይደለም" እላት ነበር። ጥሩ አባባል ነው፤ ያለ ሥራ ተቀምጧል።

ምላጭ መኪናዋን አይቶ "ጉልበቷ ተመልሷል" አለ። አመሰገነኝ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ። በምላጭ ምስጋና የሚደሰት ሰው ሆንኩ ደግሞ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ማለዳ በመስኮት አየኋት። ጉልበቷን በሰፊ ፋሻ አጥብቃ አስራ ግቢ ውስጥ ትለማመዳለች። ወደ ፊት ሁለት ሜትር፣ ወደ ኋላ ሁለት ሜትር። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስባ፣ መሪው ደረቷን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ፔዳሉን በሙሉ ሰውነቷ ትረግጠዋለች። ሃያ ደቂቃ ያህል። አንዴ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ቆየች።

ወርጄ ላግዛት አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ ብትፈልግ ትጠራኝ ነበር ብዬ ተውኩት። መጋረጃውን መለስኩት።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ልጄ ከአክስቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የባለቤቴ ታላቅ እህት እኔን ወዳኝ አታውቅም፣ እኔም ውለታውን መልሼላታለሁ። ልጄ እንዲህ አለች፦ "ቁልፉማ እማዬ ጋ ነው። አባዬ ሳይቆልፍ ነው የቆለፈባት።"

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ አነጋገር ከየት ታመጣለች? ከዚያች አክስቷ ነው።

ልቆጣት ገብቼ ስለ ፈተናዋ ጠይቄያት ወጣሁ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ሊቁ መጋዘን ድረስ መጣ። እጁን አልጨበጠኝም፣ ግሪስ አለበት ብሎ። ግሪስ አልነበረበትም።

ባለቤቴ ትናንት ከሥራ ስትወጣ ጋራዡ ሄዳ ፔዳሉን ማቅለል ይቻል እንደሆነ ጠይቃዋለች። "አንተ ብቻ ነህ የምትነዳት ያልከኝ" አለኝ። አልፎ አልፎ ነው፣ እየተለማመደችው ነው አልኩት። ጉልበቷ የተሰፋ መሆኑን ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ። ደንበኛ የቤቱን ሰው የሕክምና ታሪክ ለመካኒክ ያስረዳል እንዴ? እንዲህ ነው የመለስኩለት።

ያኛውን ባለ ሁለት ሸራ እንዳዝዘው፣ ሴራሚኩን እሱ ራሱ አውልቆ ለሌላ ሰው እንደሚሰጠው ነገረኝ። ለሥራውም ምንም አልፈልግም አለ። ጫኞቹ ቆመው ይሰማሉ፤ ምላጭ ፎርክሊፍቱን አጥፍቶ ጆሮውን ጥሏል። በእነሱ ፊት ተሳስቻለሁ ልበል? መኪናዬ ላይ ምን እንደሚገጠም የምወስነው እኔ ነኝ አልኩት።

"ሊብሬው በማን ስም ነው?" አለኝ ሊቁ፣ ቀስ ብሎ። መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ሊብሬው፣ የባለቤትነት ደብተሩ፣ በባለቤቴ ስም ነው። መኪናዋን ከመጋባታችን በፊት ነው የገዛቻት። ግን ቱርቦውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሞተሩን በእጄ ያወጣሁት፣ ስንት ቅዳሜ ሲሚንቶ ላይ የዋለው የእኔ ጀርባ ነው። ወረቀት ምንድን ነው?

መጋቢት 14፣ እሑድ

ባለቤቴ ሰው ገጨች።

ሰውዬው በሕይወት አለ። እሷ ደህና ናት። ሆስፒታል ነው ያለሁት፣ ኮሪደር ላይ።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

አሁን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ቤቷ ሆና ምጧ መጣና ለባለቤቴ ደወሉላት። እሑድ አውቶቡስ እንደ ልብ አይገኝም። እኔ ቤት ነበርኩ። አድርሰኝ አላለችኝም። ላድርስሽም አላልኳትም፤ ኳስ እያየሁ ነበር። ፋሻውን ስታስር አይቻታለሁ። ቁልፉን ስታነሣ ሰምቻለሁ።

ፋርማሲው አጠገብ ያለው መብራት ዳገት ላይ ነው። ቀይ ሆኖ ቆመች፣ ማርሽ ውስጥ ነበረች፣ ፔዳሉን ረግጣ። መብራቱ ረዘመ። ጉልበቷ ከዳት። እግሯ ሲንሸራተት ያ ፍሪሲዮን ባንዴ ነከሰ፣ ዳገት ላይ ስለሆነች ነዳጅ እየሰጠች ነበርና ሞተሩ አልጠፋም፤ መኪናዋ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ዘለለች። አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ እያቋረጡ ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሯል። መሬት ላይ ወድቀው ሳለ ጭንቅላታቸውን ይዛ፣ አምቡላንስ እስኪመጣ አንገታቸው እንዳይንቀሳቀስ ያደረገቻቸው እሷ ናት። በዚያው መሃል ለሌላዋ አዋላጅ ደውላ ምጥ ወደያዛት ሴት ልካታለች። ልጁ በሰላም ተወለደ።

ፖሊስ ጣቢያ አብሬያት ነበርኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደማልችለው እያወቅሁ ነዳሁ" ብላ ቃሏን ሰጠች። መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ የምጨምረው ካለ ጠየቀኝ።

የለም አልኩ።

ለነገሩ ምን ልጨምር ኖሯል? የተናገረችው እውነት ነው። እንደማትችለው ታውቅ ነበር። ራሷ ናት ያለችው፣ እኔ አይደለሁም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። መኪናዋ ለምርመራ ተይዛለች። መንጃ ፈቃዷን ለጊዜው ወስደውባታል።

ምላጭ ዛሬ አንድም ቃል አልተነፈሰም። አንገቱን ደፍቶ አለፈኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 21፣ እሑድ

መርማሪዎቹ ሊቁን አስጠርተው ስለ ፍሪሲዮኑ ጠይቀውት ነበር። እሱም የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ከዚያ ባለቤቴ ጋ ሄዶ ደገመላት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብሎ።

ምሳ አልቀረበም። ልጃችንን ክፍልሽ ግቢ አለቻት። ልጅቷ ገባች፣ በሩን ግን አልዘጋችውም። ባለቤቴ ከፊቴ ተቀመጠች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፣ በሽተኛ እንደምትጠይቅበት።

"ቀላሉን አሳይቶህ ነበር?"

"አምስት ሳምንት ይፈጃል ስላለኝ ነው።"

"ማን ነው የሚነዳት ብሎ ሲጠይቅህ ምን አልከው?"

ያሰናዳሁት መልስ ነበረኝ። ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሸራው ዓይነት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። እንዴት እንደወጣ እግዜር ይወቀው።

"ጎማው እኮ ሞቆልሽ ነው" አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። ጎማ? የምን ጎማ? ከዚያ ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት አየሁት፤ መንደርደሪያው፣ ሰዓቱ፣ የምላጭ ሳቅ፣ የጨመርኩት ግፊት፣ ሴራሚኩ፣ ፋሻው፣ አውቶቡሱ፣ ሰዓት ሠሪው። አንድ በአንድ። ሳትቆጣ ቀረች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ የማታውቀው ሰው ቤት በስህተት እንደ ገባች ነው ያየችኝ።

"ለእሱ ነው?" አለችኝ።

ዝም አልኩ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ታላቅ እህቷ ጋ ሄደች፣ ልጄም ጭምር። ሻንጣ ተሸክሜ ልርዳ አልኩ፤ ልጄ "ይቅር አባዬ፣ ቀላል ነው" አለችኝ።

ቤቱ ውስጥ የማልሰማው ድምፅ ስንት እንደነበረ አላውቅም ኖሯል። ማቀዝቀዣው ይጮሃል። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጮኸው?

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

መኪናዋ ተለቃለች። ከፖሊስ ጣቢያ የወሰዳት ሊቁ ነው፣ በባለቤቴ ትእዛዝ። ባለ ሁለት ሸራው ታዟል። ይህን የነገረኝ ምላጭ ነው፣ ያውም ስጠይቀው ብቻ።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። እኔ ግን ተኝቼ አልነበረም። ይኼን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። የካቲት 10ን ሁለቴ። የጻፍኩት እጅ የእኔ ነው። ገጹን ልቀደው ይዤ ነበር፤ ተውኩት።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሰዓት ሠሪውን ልጠይቅ ሄድኩ። ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ናቸው፤ ከሱቃቸው ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል። ግድግዳው በሙሉ ሰዓት ነው፣ አብዛኛው የቆመ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፤ ከአጠገቡ መራመጃ ብረት ቆሟል። ብቻቸውን ናቸው።

ማን ልበል አሉኝ። "ከክሊኒኩ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ መዋሸት ለምዷል።

ተቀመጥ አሉኝ። ስለ ባለቤቴ አወሩልኝ። በሁለት ቀን አንዴ ትመጣለች፤ እግራቸውን ታለማምዳለች፣ እንዴት እንደሚነሡ፣ እንዴት እንደሚዞሩ ታሳያለች። እሷም እኮ ጉልበቷን ያማታል፣ ሁለታችን ስንነሣ ሁለታችንም እናቃስታለን ብለው ሳቁ። ስለ ባሏ የተናገረችው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ እንደ ዋዛ፣ የቆሙትን ሰዓቶች እያየሁ።

"አንድም ክፉ ቃል ሰምቼባት አላውቅም" አሉኝ። "ጥፋቱን ሁሉ ለራሷ ነው የወሰደችው።"

ሰላም ዋሉ ብዬ ወጣሁ። ማን እንደሆንኩ ሳልናገር። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ተመልሼ ሄድኩ። ዛሬ እንኳ ተናግሬ እመጣለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። በሩ ላይ እንደ ቆምኩ "ከክሊኒኩ አይደለሁም" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ልጅህ ከእናቷ ጋር ትመጣለች። ግንባሯ ያንተ ነው። ገና በር ላይ ስትቆም ነው ያወቅሁህ።"

ለምን ያን ቀን ዝም እንዳሉኝ ጠየቅኋቸው። ራስህ እስክትናገር ብዬ ነው አሉ። ሲነሡ ደገፍኳቸው፤ እስከ ሱቁ በር ድረስ ሄድን፤ አሥር እርምጃ የማይሞላውን መንገድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀብን አላውቅም። በየእርምጃው ትንፋሻቸው ይቆረጣል። በር ላይ ወንበር ላይ አስቀምጬያቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሦስቱን ምርጫ፣ "ማን ነው የሚነዳት" የሚለውን ጥያቄ፣ የመለስኩትን፣ ለምን እንደመለስኩትም። መንደርደሪያውንም ነገርኳቸው፤ ለትልቅ ሰው ሲነገር እንዴት ያለ ትንሽ ነገር ነው።

እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው አስተካከሉት። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

"ይኼን ለእሷ ነግረሃታል?"

"ታውቀዋለች።"

"ማወቋ ሌላ፣ አንተ መንገርህ ሌላ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ መልሰኝ አሉ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ከሥራ ቀርቼ እህቷ ቤት ሄድኩ። መኪናዋ አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ታጥባ፣ ባለ ሁለት ሸራው እስኪመጣ። የከፈተችልኝ ባለቤቴ ናት። ግባ አላለችኝም። ደረጃው ላይ ቆሜ ነገርኳት።

ሳልቆርጥ ነው የነገርኳት። "እኔ ብቻ" ማለቴን። እንደማትችይው አውቅ ነበር አልኳት፤ የመረጥኩትም ለዚያ ነው። በመስኮት አይቼ መጋረጃ መመለሴን። ያን እሑድ ፋሻውን ስታስር አይቼ ኳሴን ማየቴን። ፖሊስ ጣቢያ "የለም" ማለቴን፣ ነገ ሄጄ ቃሌን እንደምሰጥ። መንደርደሪያው ላይ በያዘችው ሰዓት የተናደድኩት ጎማ ስለሞቀ እንዳልሆነ። ከእኔ የተሻለች ነጂ ስለሆነች ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር ከዚያ ፔዳል የባሰ ጉልበት ጠየቀችኝ።

እጇን በሩ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የቀረ ነገር እንዳለ ፊቴን መረመረች። የለም፣ አልቋል።

"እሺ፣ ሰማሁ" አለችኝ።

በሩን ዘጋችው። አልወረወረችውም፤ ቀስ አድርጋ፣ እስኪገጥም ድረስ።